እማዬ ስለ ብርድ ያለችው

ጉና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ወለላ፣

እንዴት ከረማችሁ? አንቺ፣ እማዬ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ ለማለት መጀመሪያ ከንፈሬን በእጄ ማሸት አለብኝ፤ አልታዘዝ ብሎኛል።

«ማደሪያህ ምን ይመስላል? ጣሪያ አለው ወይ?» ላልሽኝ፣ ጣሪያስ አለው። ጎማም አለው። የሬዲዮ ምሰሶ ሊተክል የመጣው የውጭ አገር መሐንዲስ ይኖርባት የነበረች ካራቫን ናት፤ በመኪና የምትጎተት ቤት። ሰውየው ወዳገሩ ሲሄድ ለእኛ ለጥበቃዎቹ ቀረች። ሁለት አልጋ፣ የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ውኃ የማይወርድባት የእጅ መታጠቢያ አላት። የጋዝ ማሞቂያም ነበራት፤ ጋዙ ስላለቀ ዛሬ ካልሲ ማስጫ ሆኗል። የአገሩ ሰው «እግር ያላት ቤት» ይላታል። ግድግዳዋ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ስስ ጣውላ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከደጁ ይልቅ ውስጧ ይብሳል። ስንተነፍስ ያደርነው ጣሪያው ላይ ውኃ ይሆንና ጧት አናታችን ላይ ይንጠባጠባል።

አብሮኝ የሚጠብቀው ቢያዝን የሚባል የቁንዝላ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በጀልባ ላይ የፈጀ። ሁለታችንም የሐይቅ ዳር ልጆች ነን፤ ብርድን የምናውቀው በስሙ ነበር። ትናንት ጋቢውን ለብሶ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብሱን፣ በብርድ ልብሱ ላይ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ደርቦ ተኛ። ጧት ሳየው ከግንባሩ እስከ ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ እኔ የሞተ መስሎኝ ጮህሁ። እሱም እኔ ስጮህ ሌባ የመጣ መስሎት ጮኸ።

የምሰሶው ብረት ከአዲስ አበባ ተሟልቶ እስኪመጣ ሥራው ቆሟል። የመጣው እንዳይሰረቅ እኛ እንጠብቃለን፤ ማን በዚህ ብርድ ሊሰርቅ እንደሚመጣ አላውቅም።

«ካልቻልህ ውረድ» እንዳትዪኝ። ብርዱ ቢያንቀጠቅጠኝም አፈሳው እስኪያልፍ ከዚህ አልነቃነቅም። ወንድማችን አለበል ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከአሥመራ ከጻፈው ወዲህ ድምፁ የለም። እማዬ ሌላ ልጅ እንድትሰጥ አልፈልግም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም መሄድ አልፈልግም፤ እፈራለሁ። ስለዚህ ደብዳቤ በፖስታ እንዳትልኪ፤ በሹፌሩ በአምባቸው እጅ ብቻ ይሁን።

እማዬ ጋይንት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ብርድ ታውቃለች። ይህች ቤት በምን እንደምትሞቅ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ አስማማው


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ቆርቆሮ ውስጥ ለሚያድረው ወንድሜ፣

ደብዳቤህን እማዬ ደጋግማ አስነበበችኝ። የሲሚንቶው ላይ ስትደርስ ስቃ ስቃ ሳሏ ተነሣባት። ጉንፋን ናት፤ በዚህ አትጨነቅ።

የቀበሌው ሰዎች መጥተው ነበር። «አስማማው የት ገባ?» አሉ። እህል ሊነግድ ቆላ ድባ ወርዷል አልኋቸው። ሊቀመንበሩ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ኮታው ሳይሞላ አንተኛም» ብሎኝ ሄደ። ዓባይ ማዶ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ፍተሻ ቆሟል። በጎንደር መንገድ የመጣ ወጣት ሁሉ ከመኪና ይወርዳል። የጎረቤታችን የጽጌ ልጅ ከወረታ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ እዚያው ያዙት። ሽንኩርቱን ለእናቱ አመጡላት። በሯ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አላነሣችውም።

እንግዲህ እማዬ ከአልጋዋ ተደግፋ እንዲህ ብላለች፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው።

«አንተ የኔ ሞኝ፣ ብርድ ከላይ የሚመጣ መሰለህ? ከታች ነው የሚመጣው። ያን ሁሉ ቡቱቶ ከላይ ከምትደራርቡ ከሥራችሁ ጭድ አንጥፉ፤ ክንድ ይሙላ። ደጅ እሳት አንድዱና ድንጋይ አግሉ። የወንዝ ድንጋይ እንዳታደርጉ፣ ይፈነዳል፤ ከሜዳ የደረቀ ጥቁር ድንጋይ ፈልጉ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር ክተቱት። ውኃ የሚንጠባጠብባችሁ ቤታችሁ ስላልተነፈሰ ነው፤ የላይኛዋን መስኮት ጣት ታህል ክፈቷት። ይበርደናል ትሉኛላችሁ፤ ይብረዳችሁ! ደረቅ ብርድ ከርጥብ ሙቀት ይሻላል። አረቄ ያሞቃል የሚልህን እንዳትሰማ፤ በሶ በጥብጠህ ጠጥተህ ተኛ። ያን የሰው ልጅም ሲሚንቶ አታልብሰው፤ እናት አለችው።»

ይኸው ነው። ልትጨምር ፈልጋ ደከማትና ተኛች። እኔ የማታ ተረኛ ነኝና ወደ ፋብሪካ ልሂድ። በርታ።

እኅትህ ወለላ


ጉና፣ ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጭዱ ሠርቷል ብለሽ ለእማዬ ንገሪያት። እዚህ አገርነሽ የምትባል ወተት የምታመጣልን ባልቴት አለች፤ ጭዱን ከእሷ አገኘን። መስኮቷንም ጣት ታህል ከፈትናት፤ ማንጠባጠቡ ተወን። ድንጋዩ ላይ ግን ቢያዝን አልሰማ አለኝ። «ድንጋይ ድንጋይ ነው» ብሎ ከጅረት ያመጣውን እሳት ውስጥ ከተተው። ሲፈነዳ ድስታችንን በሳው። አሁን ጥሬ ቆልተን ነው የምንበላው።

«እውነት ሞቀህ ወይስ ለእማዬ ደስ እንዲላት ነው?» ብትዪኝ፣ ግማሽ ግማሹ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ይሞቀናል። ከዚያ ድንጋዩ ይቀዘቅዝና ውርጩ ይገባል። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ከእኔ ጋር አይደሉም፤ ብቆነጥጣቸው አላውቅም። ሆዴም እንደዚያው ሆኗል መሰለኝ። ስለ አለበል ሳስብ ድሮ ያመኝ ነበር፤ ሰሞኑን አስበዋለሁ እንጂ አያመኝም።

አምባቸው እማዬ ከአልጋ አትነሣም አለኝ። ጉንፋን ነው ያልሽኝ እንዲህ የሚያስተኛ ነው? ለታኅሣሥ ገብርኤል ብቅ ብዬ ልያት። ቢያዝን ታንኳ የሚቀዝፉ ዘመዶች አሉት፤ ድልድዩን ትቼ በሐይቁ ዞሬ እገባለሁ፤ በማግስቱ እመለሳለሁ። ምን ትያለሽ? እማዬም ስለ ብርዱ ሌላ የምታውቀው ካላት ጨምሪልኝ።

አስማማው


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ አስማማው፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰሞኑን ቤታችን እንግዳ በዝቶ ብዕር ማንሣት አልቻልሁም። ፊደሌ ቢጣመም አትታዘበኝ፤ እጄን ትንሽ አሞኛል።

እማዬ ሳሉ ትቷታል። ሰላም ብላሃለች።

ለገብርኤል አትምጣ። በታንኳ የሚገባውንም ሐይቅ ዳር ቆመው ይቀበሉታል፤ ትናንት ሁለት ልጆች ከነመቅዘፊያቸው ወስደዋል። አትምጣ ያለችህ እማዬ ናት። ይህን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም፤ እጄን ይዛ ነው ያለችኝ። ለእሷ ስትል እዚያው ቆይ።

ስለ ብርዱ፣ እማዬ እንዲህ አለች። «ነፋስ የሚገባበትን ሁሉ ድፈኑት።» የደንገል ሰሌን ሐይቅ ዳር አስጎንጉኜ በአምባቸው ልኬልሃለሁ። ግድግዳውንና ወለሉን አልብሱበት፤ የበሩን ዳርና መስኮቷንም ጭምር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ድፈኑ።

ራስህን ጠብቅ።

ወለላ


ጉና፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ወለላ፣ ጤናሽን እመኛለሁ፤ እጅሽስ ተሻለሽ?

ሰሌኑ ደርሶናል። ከጣሪያ እስከ ወለል አለበስናት፤ እግር ያላት ቤት አሁን የደንገል ታንኳ ሆናለች። ደንገሉ ገና ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። ቢያዝን አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆይቶ ዞር ሲል ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆንህ ስለው «ጢስ ነው» አለኝ፤ እሳት አልነበረንም።

መስኮቷን ደፈንሁ። እማዬ ቀድሞ ክፈቷት ብላ አሁን ድፈኗት ማለቷ ገርሞኛል፤ ግን ከብርዱ ብዛት አልተከራከርሁም። ማንጠባጠቡ ተመልሷል።

አምባቸው ምን ሆኖ ነው? ያ ለፍላፊ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ሰሌኑን ወረወረልን፤ ሞተሩንም አላጠፋም። «እማዬ ምን አለች?» ስለው «መንገዱ ተበላሽቷል» አለኝ። ምን አስቀየምሁት ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትሁ።

ገብርኤልን ትቼዋለሁ፤ እማዬ ካለች አልመጣም። በእኔ ፈንታ አጎዛ ልኬላታለሁ። ከጉና በግ የተገፈፈ ነው፤ ጠጉሩ እጅ ይውጣል፤ ጉልበቷ ሥር ይሁን። ደግሞ ንገሪያት፣ እንዲህ ባጭሩ አትላክብኝ። በፊት አንድ ምክር ስትሰጠኝ አምስት ስድብ ትጨምርልኝ ነበር፤ ያለ ስድብ ምክሯ አይጣፍጠኝም።

አስማማው


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

አጎዛው ደርሷል። እማዬ አልጋ ላይ አንጥፌዋለሁ። በጣም ያማረ ነው፤ ጽጌም አይታው ዳስሳዋለች። እማዬ መርቃሃለች። ስድብ ስላማረህም «አንተ ሰነፍ» ትልሃለች።

አምባቸውን ተወው፤ የቤት ጣጣ አለበት።

«እስከ መቼ ነው የምቆየው?» ብትለኝ፣ ጥር ሲያልቅ ይህ ዙር ይዘጋል እያሉ ነው። ከእኛ ቀበሌ የጎደለው ጥቂት ሰው ነው ይላሉ። ሊቀመንበሩ ሰሞኑን ቤታችን መጥቶ ብዙ ቆይቶ ነበር፤ ስምህን ጠርቶ ጠየቀኝ። ቆላ ድባ ነው አልሁት። አስማማው፣ ጥቂት ነው የቀረህ። ብርዱ ዛሬ አባርሮህ ብትወርድ ያሳለፍኸው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሰልና የከሰል ማንደጃ ልኬላችኋለሁ። እማዬ እንዲህ አለች። ደጅ ነፋስ ስለሚያጠፋባችሁ እቤት ውስጥ አቀጣጥሉት። በሩን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና ማንደጃውን በሁለቱ አልጋ መካከል አድርጋችሁ ተኙ። ደንገሉ ሙቀቱን ይዞ ያቆይላችኋል። ጣቶችህን ወደ ከሰሉ አስጠጋቸው።

መልካም ገና ይሁንልህ።

ወለላ


ጉና፣ ጥር 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወለላ፣

በሕይወት አለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የቀረውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

በገና ማግስት ጉሙ ወርዶ፣ በረዶ ሲጥል ዋለ፤ ደጅ መቆም የማይቻል ሆነ። ምሳችንን በልተን እንዳልሽው ማንደጃውን አስገባን፤ አቀጣጠልን፤ በሩን ዘጋን። እዚህ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም። ጣቶቼ ተመለሱ። ቢያዝን ሸሚዙን ሁሉ አውልቆ «ቁንዝላ ገባሁ» እያለ ይዘፍን ነበር። ከዚያ ራሴን ወጋኝ፤ እንቅልፍ መጣብኝ፤ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም፤ ጥሩ እንቅልፍ ነው የመሰለኝ።

ያተረፈን የቢያዝን ሆድ ነው። ለገና የበላው ባቄላ አላስቀምጠው ሲል ወደ በሩ ሄደ፤ በሩን ገፍቶ እዚያው ወደቀ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ነቃሁ። እግሬ አልቆም አለኝ፤ በደረቴ ተሳብሁና በላዩ አልፌ ወጣሁ። እሱን በእግሩ ጎትቼ አወጣሁት። በረዶው ላይ ተኝተን ስናስመልስ አገርነሽ ከነወተቷ ደረሰች። ቢያዝን አሁን ይናገራል፤ ራሱን ግን ገና ይዞታል።

አገርነሽ ማንደጃውን ስታይ ወተቷን ጣለችው። «ከሰል ይዛችሁ በር ዝጉ ያላችሁ ማን ነው? የሚጠላችሁ ሰው ነው!» አለች። እናቴ ናት አልኋት። «እናትህ የየት አገር ሰው ናት?» አለችኝ። የጋይንት አልሁ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ የጋይንት ሴት እንዲህ አትልም» አለች።

ወለላ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሳስበው ሰነበትሁ። መስኮት ክፈቱ ያለችው ሌላ ናት፤ ድፈኑ ያለችው ሌላ ናት። እማዬ ሕይወቷን ሙሉ እየሰደበችኝ አንድ ቀን «ሰነፍ» ብላኝ አታውቅም። አምባቸውም ዓይኔን ያላየው አስቀይሜው አይደለም።

አልቆጣሽም። ብቻ ንገሪኝ። እማዬ መቼ ሞተች?

አስማማው


ባሕር ዳር፣ ጥር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

አስማማው ወንድሜ፣

ኅዳር 15 ቀን፣ ጧት ነው። ሳሉ ሳንባዋ ገብቶ ነበር። ብዙ አልተሠቃየችም። ጊዮርጊስ ነው የተቀበረችው፤ ከአባታችን ጎን።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሰው ማለዳ ተሰብስቦ፣ ዘመድ መጥቶ፣ ደጋፊ ባለበት ነው የሚረዳው። ይህን የማላውቅ ባለጌ እንዳልመስልህ። ስትወርድ፣ አክስቶቻችን ባሉበት አረዳዋለሁ ብዬ ነበር የቆየሁት። አሁን ግን ጠየቅኸኝ፤ ሁለተኛ አልዋሽህም።

አትንገሩት ያለችው ራሷ ናት። እጄን ይዛ «ከሞትሁ ልጄ ሊቀብረኝ ይመጣል፤ ሊቀብረኝ ሲመጣ ይወስዱታል። አትንገሪው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በቀብሯ ቀን ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ድንኳናችን ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ንፍሯችንን በሉ፤ ጠላችንን ጠጡ። ወንድ በገባ ቁጥር ቀና ብለው ፊቱን ያያሉ። ሦስቱንም ቀን ነበሩ። ሊቀመንበሩም ያን ቀን ቤታችን ብዙ የቆየው ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ ነበር፤ በዚያው አንተን ጠየቀኝ። እኔ እናቴን ሳለቅስ በግማሽ ዓይኔ በሩን እጠብቅ ነበር። መጥተህ እንዳላይህ እየጸለይሁ። በእናቱ ቀብር ወንድሜ እንዳይመጣ የጸለይሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አይሰማኝም። ማሽኑ ፊት እቆማለሁ፤ ፈትሉ ይዞራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤት እመጣለሁ።

«እማዬ እንዲህ አለች» እያልሁ የጻፍሁት እሷ ዝም ካለች ትመጣለህ ብዬ ነው። ግን ስለ ብርድ ምን አውቃለሁ? ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያረጀሁ ነኝ። እኛ ከሰል የምናነደው በረንዳ ላይ ለወጥ ነው፤ በራችን ሲዘጋም በጣሪያው ክፍክፍ ነፋስ ይገባል። ማን ለሙቀት ብሎ ከሰል አስገብቶ በር ይዘጋል? ውትድርናው እንዳይገድልህ ብዬ እኔው ልገድልህ ነበር። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ተረኛነቴ አለፈኝ።

ቢያዝንን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

አሁንም አትምጣ። አርባዋ አልፏል። ሰማንያዋን በየካቲት እናወጣለን፤ ለዚያም አትምጣ። ፍተሻው አልተነሣም። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ አትጻፍልኝ፤ ብቻ እዚያው ሁን።

ወለላ


ጉና፣ ጥር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ወለላ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። አንቺም እንዲሁ በይኝ።

አምባቸው ደብዳቤሽን ከሰዓት በኋላ ይዞ ደርሶ ነበር፤ አልሰጠኝም። መኪናው ተበላሽቷል ብሎ እዚሁ አደረ፤ ከመሸም አገርነሽ ቤት ወረደ። ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት የመንደሩ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ውርጩ ላይ ቆሟል፤ ቄሱም አሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ቢያዝን ከኋላ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ። አምባቸው «እማማ የሺአረግ ዐርፈዋል» አለኝና ደብዳቤውን ሰጠኝ። አውቀው ነበር፤ ግን ማወቅና መረዳት ለየቅል ናቸው። እማዬን አንድ ቀን አይተዋት የማያውቁ ሴቶች «የጋይንቷ እመቤት» እያሉ አለቀሱላት። ስሟን ከአምባቸው ጠይቀው ነው የመጡት። ተሰብስበው የተቀመጡት ካራቫኗ ውስጥ ነው፤ ያልገባው በር ላይ ቆመ። ያን ቀን ያለ እሳት ሞቃ ዋለች።

እኔ አላለቀስሁም። ሰው ፊት አፍሬ አይደለም፤ እንባው አልመጣልኝም። ቄሱ «ጊዜ አለው» አሉኝ። እንባ ያላወጣሁት ጨካኝ ሆኜ እንዳይመስልሽ።

ለሰማንያው አልመጣም። እማዬ ሞታ የጠበቀችኝን እኔ በእግሬ ሄጄ አልሰጣቸውም። ደንገሉን ከመስኮቷ አንሥቻለሁ። አገርነሽ በካራቫኗ እግር ዙሪያ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጥን እንድንክበው አሳየችን፤ ከሥር የሚገባው ነፋስ ቆሟል። ድንጋዩንም ቢያዝን ተምሯል።

«ምን ላድርግልህ?» አትዪኝም አሁን፤ ፈርተሻል። እኔው ልንገርሽ። ደብዳቤ ስትጽፊልኝ «እማዬ እንዲህ አለች» ማለቱን አትተይ። አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ግድ የለም። ስለ እሳት ብቻ አትምከሪኝ።

ወንድምሽ አስማማው


ባሕር ዳር፣ የካቲት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ አስማማው፣ አንተንም እግዚአብሔር ያጥናህ።

ሰማንያዋን አወጣን። ጠባቂዎቹ መጥተው ነበር፤ በልተው ሄዱ። ፍተሻው ከድልድዩ ተነሥቷል የሚል ወሬ አለ። አምባቸው ደጋግሞ አልፎ ካላየው አላምንም፤ ስለዚህ ገና ነው፤ ቆይ። አምባቸው በጣም ከስተሃል አለኝ።

የለመንኸኝን ልጽፍልህ ሰንብቼ ሞከርሁ። «እማዬ እንዲህ አለች» ብዬ እጀምርና ምን እንደምትል ይጠፋኛል። ስድቧን አልችልበትም፤ ምክሯንም እንዳየኸው ነው። የቀደድሁት ወረቀት ብዙ ነው።

ያለ ጥርጥር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አለበል ከሄደ በኋላ፣ አንተም ከወጣህ በኋላ፣ ገበታ ስናቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዛ ትቆያለች። እጇን ወደ አፏ ሳታደርስ እኔን አይታ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። እኔ አዎ እስክል ድረስ አትጎርስም፤ አላውቅም ያልሁ ቀን ሳትበላ ትተኛለች። ስለዚህ ይህን አልፈጠርሁም፤ ቃሏ ነው፤ ቶሎ መልስላት።

እማዬ እንዲህ አለች፦ «ልጄ በላ ወይ?»